ስትቆም የምትሞተው ኮሮላ

እንጀራዬ መኪና ማቆም ነው። ዳውንታውን አትላንታ ውስጥ ባለ አንድ ባለ ስድስት ፎቅ ፓርኪንግ ጠዋት ከሰው እጅ ቁልፍ እቀበላለሁ፣ መኪናውን አቆማለሁ፣ ማታ አስነስቼ አስረክባለሁ። በቀን ሦስት መቶ መኪና ይገባል፤ ሦስት መቶውም ይነሳል። በፈረንጆቹ 1999 አንዴ ከቆመች መነሳት የማታውቅ አንዲት መኪና ብቻ ነበረች፤ እሷም የኔዋ የ92 ኮሮላ ናት።

ማታ ፓይን ሌክ አጠገብ ካለው አፓርታማዬ በር ላይ ደህና አድርጌ አቆማታለሁ። መብራቷን አጠፋለሁ፣ በሮቿን አንድ በአንድ እየገፋሁ አያለሁ፣ እንደ ሕፃን አስተኝቻት እገባለሁ። ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ቁልፉን ሳዞር አንዴ ቀጭ ትልና ዝም። ባትሪዋ ወርዷል። ከዚያ ከሌላ መኪና ባትሪ የምበደርበትን ጃምፐር ኬብሌን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ የነቃ ጎረቤት ፍለጋ እወጣለሁ። በአንድ ወር ውስጥ የግቢውን ሰው በሙሉ በስሙ ሳይሆን በባትሪው አወቅሁት።

አለቃዬ ሁለት ማስጠንቀቂያ ጽፎልኛል፤ ሦስተኛ ጊዜ ካረፈድክ እንሰነባበታለን ብሎኛል። የቆመች መኪና አልነሳልህ አለችኝ ብዬ ያስረዳሁት ለት የሳቀው ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። አልፈርድበትም። እኔም በሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው ነበር የምስቀው።

ምክር ግን አልጎደለኝም። አትላንታ ውስጥ ሁለት ዓመት ታክሲ የነዳ ሐበሻ ሁሉ በሦስተኛው ዓመት መካኒክ ይሆናል። አንዱ ባትሪው ነው አለኝ፤ አዲስ ገዛሁ፣ አዲሱም በሦስተኛው ቀን ወረደ። ሌላው ባትሪውን የሚሞላው አልተርኔተር ነው ብሎ ማለ፤ እሱንም ቀየርኩ። አብሮኝ የሚሠራው ዮሐንስ ደግሞ ዓመቱ ሁለት ሺህ ሲገባ ኮምፒውተር ሁሉ ይበላሻል የሚባለው ነገር የኔ መኪና ላይ ቀድሞ መግባቱ ነው ብሎ በሙሉ ልቡ አስረዳኝ። መኪናዬ ሰዓት እንኳን በትክክል አትቆጥርም፤ እሱ ዘመን ያስቆጥራታል።

ለማንም ያልተናገርኩት አንድ ነገር ነበረኝ። ይህ ሁሉ ጣጣ የጀመረው ሐጂ ሸፊቅ አላርም በገጠሙልኝ በሳምንቱ ነው።

ሐጂ ሸፊቅ የሩሚሳ አባት ናቸው። ሩሚሳ ደግሞ ላገባት የምፈልጋት ልጅ ናት። እወዳታለሁ፤ ነገሩ ይኸው ነው። በአራት ዓመቷ መጥታ እዚሁ ያደገች፣ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተምራ ስልክ ኩባንያ ውስጥ የምትሠራ፣ ያሰበችውን ነገር ልክ እንዳሰበችው የምትናገር ሴት ናት። እኔ ወሎ ያደግኩ ሰው ነኝ። ያሰብኩትን ለመናገር ቢያንስ ሁለት ሽማግሌ ያስፈልገኛል።

ሐጂ ደሴ ላይ ስመ ጥር ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። እዚህ ከመጡ ወዲህ አትላንታ ዳር ታከር ውስጥ ቤት ገዝተው፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሆቴል ላውንድሪ ውስጥ አንሶላ ሲያጥፉ ኖረዋል። አሜሪካ ውስጥ የተበላሸ ሬዲዮ ይጣላል እንጂ አይጠገንም፤ ስለዚህ ካቻቢቴና ፒንሳ የሞላው ሳጥናቸው ጋራዣቸው ውስጥ እንደተዘጋ ቀረ። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ ሌቦች የኮሮላዬን መስኮት ሰብረው ካሴት ማጫወቻዬን ወሰዱ። ሐጂ ሰሙና እሁድ መኪናህን ይዘህ ና አሉኝ። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ ሳይረን ያለው አላርም ገዝተው ጠበቁኝ።

ኮፈኖው ሥር እንደገቡ አምስት ሰዓት ቆዩ። ባለቤታቸው እትዬ ዋሲላ ምሳውን ሦስቴ አሙቀው ሦስቴ መለሱት። ሥራው ሲያልቅ ሐጂ መገጣጠሚያውን በጥቁር ቴፕ ጠቀለሉና በቴፑ ላይ በነጭ ቀለም ቀኑንና የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደል ጻፉበት። እንደዚያ ቀን ሲደሰቱ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየጁምዓው ከሶላት ስንወጣ ሁለት ሦስት ሰው አስከትለው ወደ መኪናዬ ይመጣሉ። ጎማዋን በእግራቸው መታ ያደርጋሉ። ሳይረኑ ሰፈሩን ይበጠብጣል፣ የሐጂ ፊት ይበራል። እኔም ከጎናቸው ቆሜ፣ እንዲህ ያለ ሥራ እዚህ አገር አይገኝም እላለሁ። አልዋሸሁም፤ አይገኝም።

ሰኔ ላይ ሲመረኝ መኪናዋን ታከር ጋራዥ ያለው ሀብቶም ጋ ወሰድኳት። ሀብቶም ሙያውን በደንብ የተማረ፣ ምክር ግን የማይወድ ሰው ነው። የመሰለኝን ልነግረው አፌን ስከፍት ዝም በል አለኝ። ሞተሩን አጠፋ፣ በሮቹን ዘጋ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ኬብል ፈትቶ በኬብሉና በባትሪው መሃል መለኪያውን አስገባ። የቆመች መኪናም ለሰዓቷ ለምኗ ትንሽ ትጠጣለች፤ ከአምፔር አንድ ሃያኛ ካለፈ ግን የሚሰርቃት አለ ማለት ነው አለኝ። መለኪያው ሁለት አምፔር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሀብቶም ቁጥሩን አይቶ፣ ይሄማ ቤተሰቡን ይዞ የገባ ሌባ ነው አለ።

ፊውዞቹን አንድ በአንድ መንቀል ጀመረ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ አንዱ ፊውዝ ሲነቀል ቁጥሩ ከወረደ ጥፋቱ በዚያ መስመር ላይ ነው። የመብራቱን ነቀለ፣ ሁለት አምፔር። የጡሩምባውን ነቀለ፣ ሁለት አምፔር። ሁሉንም ነቅሎ ጨርቅ ላይ ደረደራቸው፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። እንግዲያው ከባትሪው በቀጥታ፣ በፊውዝ ሳያልፍ የሚወጣ ሽቦ አለ ብሎ እጁን ወደ ውስጥ ሲሰድ እኔ የጋራዡን ጣሪያ መመልከት ጀመርኩ። ብዙም ሳይቆይ ጥቁሩን ቴፕ አገኘው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳይረኑ ሆዱ ውስጥ የራሱ ትንሽ ባትሪ አለው፤ ሌባ የመኪናውን ባትሪ ቢቆርጥ እንኳን እንዲጮህ። ያቺ ትንሽ ባትሪ ሐጂ ሳይገዟት በፊት ሞታለች። ሞታም ግን መጠጣቷን አልተወችም፤ ሌሊቱን ሙሉ ከኮሮላዬ ባትሪ ትጠጣለች፣ አትሞላም። ፊውዝ ደግሞ ጭራሽ የለም። ሀብቶም የሞተችውን አውጥቼ ፊውዝ ላስገባ፣ አስር ደቂቃ ይበቃኛል አለና ምላጩን ወደ ቴፑ አስጠጋ። እጁን ያዝኩት።

ቴፑ ከተቀደደ ሐጂ በጁምዓ ያዩታል። ነሐሴ ላይ ሽማግሌ ልልክባቸው ነው። ሰውዬው በሃያ ዓመት ውስጥ በእጃቸው የሠሩት ሥራ ይህ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም አበላሽተውታል ብዬ በየትኛው አፌ ልንገራቸው? ይህን ሁሉ ለሀብቶም አብራራሁለት። እሱ መለኪያውን እየጠቀለለ ሰማኝና፣ እንግዲያው ማታ ማታ ኬብሉን ፍታ፣ አለዚያም ሌላ አማት ፈልግ አለኝ። ሲሸኘኝ ኬብሉን የምፈታበት የአስር ቁጥር ቁልፍ ሰጠኝ።

ያችን ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ይዤ ሁለት ወር ኖርኩ። ማታ ኮፈኖ ከፍቼ ኬብሉን እፈታለሁ፣ ጠዋት መልሼ አስራለሁ። ሐጂ አላርሙን ሲገጥሙት እጅግ ስለተጠበቡበት ኤሌክትሪክ ባገኘ ቁጥር የተሰረቀ ይመስለዋል። ስለዚህ በየቀኑ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት፣ ገና ኬብሉ ባትሪውን ሲነካ፣ ሳይረኑ ግቢውን በሙሉ ይቀሰቅሳል። ከበላዬ የምትኖረው ነርስ የማንቂያ ሰዓቷን መሙላት ተወች። ከፊት ለፊት ያለው ሰውዬ በየጠዋቱ መስኮቱን ከፍቶ አንድ ስድብ ይሰድበኛል፤ ስድቡ አይለወጥም። ሥራ ግን አላረፈድኩም። እጄ ዘይት በዘይት ሆኖ፣ ሸሚዜ ተጨማድዶ፣ በሰዓቱ እደርሳለሁ።

ይህን ሁሉ አክብሮት ብዬ ጠራሁት። እንዲያውም እንደኔ ሰው አክባሪ ልጅ ከየት ይገኛል እያልኩ ራሴን አመሰግን ነበር።

ያችን የአስር ቁጥር ቁልፍ ሩሚሳ አንድ ቀን አየቻት። ምሳ እየበላን መሐረብ ሳወጣ ከኪሴ ወድቃ ጠረጴዛው ሥር ገባች። ምንድን ነው ስትለኝ የባትሪው ኬብል ትንሽ ላላ እያለ ነው አልኳት። ቁልፏን አንስታ ሰጠችኝ። ያን ውሸት የነገርኩት ኤሌክትሪክ ለተማረች ሴት መሆኑን እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም።

ነሐሴ ላይ ሽማግሌ ላክሁ። በኛ ወግ ሽማግሌ የላከ ልጅ ቤቱ ቁጭ ብሎ ወሬ ይጠብቃል እንጂ አብሮ አይሄድም። ወጉ ሲወጣ ግን አትላንታን ማንም አላሰባትም። ከሦስቱ ሽማግሌዎቼ አንዱ ዓይናቸውን በቅርብ ታክመዋል፣ ሌላው መንጃ ፈቃድ የላቸውም፣ ዋናው ጋሽ ኑዕማን ደግሞ ፍሪዌይ የሚሉት ፈጣን መንገድ ላይ አይወጡም። ስለዚህ ሹፌራቸው እኔው ሆንኩ። ታከር አድርሻቸው ሐጂ ግቢ ውስጥ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ፤ ለራሴ ጋብቻ በር ላይ ቆሜ የምጠብቅ ሹፌር።

የሳሎኑ መስኮት ክፍት ስለነበር የጋሽ ኑዕማን ድምፅ ይሰማኛል። ስለ ዘሬ ተናገሩ፣ ስለ ሶላቴ ተናገሩ፣ ትንሽ ጨመር አድርገውም ስለ ገቢዬ ተናገሩ። ነገሩ ጥሩ እየሄደ ነበር። እኔ የጆርጂያ ሙቀት እያቀለጠኝ ፈገግ ብዬ ሳዳምጥ ሩሚሳ በጋራዡ በር ወጥታ መጣችና ከጎኔ ገብታ ተቀመጠች። ይህም በወጉ ውስጥ የለም።

"ዑመር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለችኝ። "ባትሪህን የሚጨርሰው ምንድን ነው?"

ስለ ላላው ኬብል ልጀምርላት ስል እጇን አነሳች።

"ላስት ሳንዴይ እዚህ ፓርክ ስታደርግ ኦፕን አድርጌ ቼክ አድርጌዋለሁ። ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የምጠይቅህ አንተ ታውቃለህ ወይ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሰኔ።"

ለትንሽ ጊዜ ወደ ቤቱ መስኮት አየች። ጋሽ ኑዕማን አሁንም እያወሩ ነው።

"ሲሪየስሊ? ሁለት ወር ሙሉ አፓርትመንቱን ዌክ አፕ ስታደርግ፣ ላይክ፣ ለአባቴ አንድ ሴንቴንስ መናገር አቃተህ? እኔ የሆነ ነገር ሚስቴክ ሳደርግስ? ቁልፍ ኪስህ ውስጥ ይዘህ ነው የምትዞረው?"

አባትሽ እንዳይከፋቸው ብዬ ነው አልኳት። እሺ፣ አባቴ ሲስማማ እኔን መጥቶ ይጠይቀኛል፣ ምን ብዬ እንደምመልስ አላውቅም አለችኝ። ከዚያ ወርዳ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ብታጋጨው ይሻለኝ ነበር።

ፈራሁ። ኮሮላዋንም፣ አለቃዬንም፣ ሁለቱን ማስጠንቀቂያዎችም በአንዴ ረሳኋቸው። ሩሚሳ እምቢ ልትለኝ ነው፤ ምክንያቷም ትክክል ነው። ሁለት ወር ሙሉ ለሐጂ ብዬ የዋሸሁ ይመስለኝ ነበር። አሁን ስመለከተው ለራሴ ነው የዋሸሁት፤ ክፉ ወሬ ተናጋሪ ላለመሆን። ከመኪናዋ ወርጄ ወደ ቤቱ ሄድኩ።

ሽማግሌ በተቀመጠበት አግቢው ራሱ በር ከፍቶ የገባበት ጊዜ ወሎ ውስጥ መኖሩን አላውቅም። ቢኖርም ማንም አላወራውም። ስገባ ጋሽ ኑዕማን በአንድ እጃቸው ሳምቡሳ ይዘው፣ "ይህ ልጅ ነገር የማያበዛ፣ ሰው የማያስቀይም" እያሉ ነበር። ሲያዩኝ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ።

"ሐጂ፣ መኪናዬን የሚያወርዳት እርስዎ የገጠሙት አላርም ነው" አልኩ። "ከሰኔ ጀምሮ አውቃለሁ።"

ሐጂ የሻይ ብርጭቋቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ቁጣ ነበር የጠበቅኩት። እሳቸው ግን የትኛው ክፍሉ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ሳይረኑ ውስጥ ያለችው ባትሪ መሆኗን ነገርኳቸው። ስንት አምፔር እንደምትስብ ጠየቁኝ፤ ሁለት ገደማ አልኩ። ፊውዝስ አሉ፤ የለም አልኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ያን ሽቦ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሐሳባቸው ሄዱበት መሰለኝ፣ ልክ ነው አሉና ተነሱ። ሳጥናቸውን አንስተው በአጠገቤ አልፈው ወጡ። ሽማግሌዎቹም ምን እንደሚያደርጉ ግራ ቢገባቸው ሳምቡሳቸውን ይዘው ተከተሏቸው።

ኮፈኖውን ከፈትኩላቸው። ስማቸው ያለበትን ቴፕ በራሳቸው እጅ ቀደዱት። የሞተችውን ባትሪ አውጥተው ሲያዩዋት አብጣለች። "ማነው እንዲህ አድርጎ የሠራው?" አሉ፤ ማንም አልሳቀም፣ እሳቸውም እንዲሳቅላቸው አልፈለጉም። ፊውዝ አስገቡ፣ አሰሩ፣ ጠቀለሉ። አስር ደቂቃ ፈጀ። በዚህ ጊዜ ቴፑ ላይ ምንም አልጻፉም።

እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወደኔ ዞሩ።

"ደሴ ሳለሁ የጠገንኩት ሬዲዮ አልሠራ ያለው ሰው መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ይወረውርልኝ ነበር። ሙያዬን የተማርኩት እንደዚያ ነው። አንተ ግን አባበልከኝ። በየጁምዓው ሰው ሰብስቤ ጎማ ስመታ አጠገቤ ቆመህ አየኸኝ።"

ይቅርታ አልኳቸው።

"እዚህ ቤት ጥፋቴን የምትነግረኝ ሩሚሳ ብቻ ናት" አሉ። "ሁለተኛ ሰው አገኘሁ ብዬ ነበር።"

ቢሰድቡኝ፣ ልጄን አልሰጥህም ቢሉኝ እንዲህ አይከብደኝም ነበር። ሐጂን ማክበሬ ነው ብዬ ስኮራበት የነበረው ነገር ሁሉ እሳቸውን ከባለሙያ ተራ አውጥቼ ከልጅ ጋር ማስቀመጤ ኖሯል። አፈርኩ። ሐጂ ሳጥናቸውን ዘጉና ሽማግሌዎችህን ይዘህ ሂድ፣ እሁድ ብቻህን ና አሉኝ።

በመልሱ መንገድ ጋሽ ኑዕማን ታከርን እንደወጣን ጀመሩና አላቆሙም። እሺ ሊሉ እኮ አንድ ቃል ነበር የቀራቸው አሉኝ። በሃምሳ ዓመት ሽምግልናዬ ልጅ የሚያበላሸውን አይቻለሁ፣ አማት የሚያበላሸውን አይቻለሁ፣ እውነት የሚያበላሸውን ግን ዛሬ ገና አየሁ አሉ። መንጃ ፈቃድ የሌላቸው ሽማግሌ ከኋላ ሆነው፣ ሳምቡሳው ግን ጥሩ ነበር አሉ።

በዚያ ሳምንት ኬብሉን አልፈታሁም። ኮሮላዋ በየጠዋቱ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች፣ ግቢው እንደ ልቡ ተኛ። ደስ ሊለኝ ሲገባ አላለኝም።

እሁድ ብቻዬን ሄድኩ። ሐጂና እትዬ ዋሲላ ሶፋው ላይ፣ ሩሚሳ ከመስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ዘሬን የሚያወራልኝ፣ ገቢዬን የሚጨምርልኝ ሰው የለም። ልጅዎን ላገባት እፈልጋለሁ አልኩ፤ እዚያው ላይ አለቀ። ጋሽ ኑዕማን አርባ ደቂቃ የወሰደባቸው ነገር በሦስት ቃል ማለቁ እኔንም ገረመኝ።

ሐጂ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ፣ ልጃችንን ከሰጠንህ ለጊዜው ከኛው ጋር ትኖራላችሁ፣ ከታች ያለውን ቤዝመንት አሰናድቼዋለሁ አሉ። ቀለሙን ቀብቻለሁ፣ ምንጣፉን አንጥፌያለሁ፣ የመብራቱንም ሽቦ በሙሉ የዘረጋሁት ራሴ ነኝ ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

እጅዎ ይባረክ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ተሰናድቶ ነበር። ዕድሜ ልኬን ተለማምጄዋለሁና በራሱ ጊዜ ነው የሚወጣው። ሩሚሳ እግሯን ማወዛወዝ አቆመች። እትዬ ዋሲላ ሻሻቸውን አስተካከሉ። ዋጥ አደረግኩትና የቤት መብራት ፊውዝ የሆነውን ብሬከር አሰብኩ።

"ሐጂ፣ ሽቦውን በብሬከር አሳልፈውታል ወይስ በቀጥታ ነው?"

ሐጂ አዩኝ፣ ጣሪያውን አዩ፣ ከዚያ የራሳቸውን እጅ አዩ። ቀስ ብለው ተነስተው ከሶፋው ጀርባ ያለውን ሳጥናቸውን አነሱ።

"ና፣ አብረን እንየው" አሉኝ።

እኔ ተከትያቸው ወደ ደረጃው ስሄድ ሩሚሳ ከወንበሯ ሳትነሳ፣ "አይ ሴድ የስ፣ ባይ ዘ ዌይ" አለች። ገና ማንም አልጠየቃትም ነበር።